አዳራሽ ያለው ደሴት

አገር የምትመራው በዕቅድ ነው፤ ቤትም የአገር ታናሽ እህት ናት። ይህን ታላቅ እውነት በቦንጋ ከተማ ከማንም ቀድመው የተረዱት ጎረቤቴና የሥራ ባልደረባዬ አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው። በመሥሪያ ቤታችን የአንድ ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልናገርም። ለምን እንደተቋቋመ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ተሰብስበን እንደ አዲስ ስለምንወያይ፣ ስሙን ከወዲሁ መናገር ውይይቱን ማደናቀፍ ይሆንብኛል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር። የለውጥ ሠራዊት የሚገነባበት፣ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ወርቃማ ወቅት ነው። ሌላው ሠራተኛ ለውጡን ማታ ማታ ቢሮ ቆልፎበት ሲሄድ፣ አቶ ሀብተሥላሴ ግን ተሸክመውት ቤታቸው አስገቡት። እዚያ ሲደርሱ አንድ ችግር ገጠማቸው። አንድ ለአምስት ማለት አንድ መሪና አምስት ተመሪ ሲሆን፣ ቤተሰቡ አራት ብቻ ሆነ፤ እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ዙፋን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትፈተነው ኑኃሚንና ገና አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ይዲድያ። ጉድለቱን ለመሙላት እኔና ባለቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ተመለመልን። የቤተሰቡን ምስጢር የማውቀው እንግዲህ በወሬኛነት አይደለም፤ በአደረጃጀት ነው።

እትዬ ዙፋን የማር ነጋዴ ናቸው። ማንኪራ ድረስ በእግራቸው እየወረዱ ከንብ አርቢዎቹ ማር ይገዛሉ፤ አጣርተው ለአንድ የውጭ ድርጅት ያቀርባሉ። ሴትየዋ ዕቅድ የላቸውም፣ ራዕይና ተልዕኮ ግድግዳ ላይ አልለጠፉም፣ አንድም ቀን ራሳቸውን ገምግመው አያውቁም። ይህ ሁሉ ጉድለት እያለባቸው በዚያ ዓመት ድርጅቱ «ምርጥ አቅራቢ» ብሎ ሸለማቸው። ሽልማቱ በዛንዚባር ደሴት ለመላው ቤተሰብ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ነበር። ሦስት ማረፊያዎች ቀርበውላቸዋል፤ ከሦስቱ የፈለጉትን መርጠው ማሳወቅ ብቻ ነው።

እትዬ ዙፋን ዜናውን የነገሩን በአጥሩ ላይ ሆነው ነው። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ደሴቱን እንኳ ተዪው» አሉ ለባለቤቴ። «ኑኃሚን በመስከረም ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። የት እንደሚደርሳት አይታወቅም። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሆና ነው የምትመጣው። አባቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ከልጆቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጥ ማየት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ባለቤቴ «ይቀመጣል፤ ደሴት ላይ ወዴት ይሄዳል?» አለቻቸው። ባለቤቴ ጂኦግራፊ እንጂ ስብሰባ ስለማታውቅ ነው።

የሦስቱ ማረፊያዎች መግለጫ ከኢንተርኔት ቤት ታትሞ መጣ። አቶ ሀብተሥላሴ ወረቀቶቹን ከሚስታቸው እጅ በትሕትና ተቀበሉና «ይህ በችኮላ የሚወሰን አይደለም፤ ሂደቱን ጠብቆ ይሄዳል» አሉ። እትዬ ዙፋን «የተሸለምኩት እኮ እኔ ነኝ» ቢሉ፣ «ለዚህ ነው ሰብሳቢዋ አንቺ ያልሆንሽው፤ የጥቅም ግጭት አለብሽ» ተባሉ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ ዐቢይ ኮሚቴ ተሰየመ። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደረደሩ። እኔና ባለቤቴ በድምፅ አልባ ታዛቢነት ተገኘን።

አቶ ሀብተሥላሴ ቆመው የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። የቤተሰባቸው ማረፊያ ምርጫ የአሳታፊነት ተምሳሌት እንደሚሆን፣ ወጣቶችና ሴቶች ያለ ፍርሃት ሐሳባቸውን መግለጽ እንዳለባቸው፣ ራሳቸውም ከማንም የተለየ ድምፅ እንደሌላቸው በአጽንዖት አሳሰቡ። ወጣቶቹና ሴቷ ሦስት ስለነበሩ ንግግሩ ሁሉንም አካቷል።

የመጀመሪያው ማረፊያ በዘንባባ ቅጠል የተከደኑ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ጎጆዎች ነበሩ። መሐላቸው የጋራ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ አንድ ትልቅ ገበታ አለ፤ በሩ ሲከፈት እግር አሸዋ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው በአሮጌው ከተማ ውስጥ ያለ ሰገነታም ቤት ነው። ሦስተኛው ከባሕሩ በአስፋልት መንገድና በግንብ አጥር የተለየ ትልቅ ሆቴል ነበር።

«እኔ ጎጆዎቹን ነው የምፈልገው» አለች ኑኃሚን። «ማታ ተኝቼ ባሕሩን መስማት እፈልጋለሁ።»

«እኔም ጎጆዎቹን» አለ ይዲድያ። «አንደኛ፣ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል አልተኛም፤ ወንዶቹ በአንዱ ጎጆ፣ ሴቶቹ በሌላው። ሁለተኛ፣ ሆቴሉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ያለውን እንደ አዋቂ ነው የሚቆጥረው፤ ለአራታችን አንድ ክፍል አይሰጡንም፣ በተለያየ ፎቅ ነው የሚበትኑን። እዚሁ ተጽፏል።»

«እኔ ገበታውን አየሁት» አሉ እትዬ ዙፋን። «ለአራት ሰው ልክ ነው።»

አቶ ሀብተሥላሴ ሦስቱንም በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ የሦስተኛውን ማረፊያ ወረቀት ከፍ አድርገው አሳዩ። ፎቶግራፉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ የጠረጴዛ ልብስ፣ በየወንበሩ ፊት የውሃ ጠርሙስና አንድ ደብተር ከነእስክሪብቶው ይታያል።

«ይህኛው አዳራሽ አለው» አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ አቶ ሀብተሥላሴን እንዳይታዘባቸው አንድ ነገር ላስረዳ። እሳቸው በሕይወታቸው ሆቴል የገቡት ለሥልጠና ብቻ ነው። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጅማ፣ ያልሠለጠኑበት ከተማ የለም። ሆቴል ማለት ለእሳቸው ባነር የሚሰቀልበት፣ ማይክሮፎን የሚፈተሽበት፣ በሻይ ዕረፍት ብስኩት የሚታደልበት ቦታ ነው። አልጋውም የተሠራው ተሰብሳቢው ለነገ እንዲደርስ ነው። ሐዋሳ ደጋግመው ሄደዋል፤ ሐይቁን ግን አላዩትም። የነበሩበት አዳራሽ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ነው የተሠራው።

«አዳራሽ ምን ያደርግልናል?» አለ ይዲድያ።

«አዳራሽ የሌለው ሆቴል ምን ሆቴል ነው? ሰውስ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ይዋኛል።»

«ጠዋት ዋኘ እንበል። ከሰዓት በኋላስ?»

«ከሰዓት በኋላም ይዋኛል።»

«መልካም። የቀኑ ማጠቃለያ የት ይካሄዳል?»

ልጁ እናቱን አየ። እናቱ ጣሪያውን አዩ።

«አባዬ» አለች ኑኃሚን፣ «እኛ የምንሄደው ለማረፍ ነው እኮ።»

«ዕረፍትም ክትትል ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ወደ ስንፍና ይንሸራተታል» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «በዚያ ላይ አዳራሹ ይኑር እንጂ ተጠቀሙበት ያላችሁ የለም። ለክብር ነው። ሰው ያረፈበትን ቤት ሲጠየቅ አዳራሽ ነበረው ማለት መቻል አለበት።»

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለጎጆዎቹ፣ አንድ ለአዳራሹ። አቶ ሀብተሥላሴ ውጤቱን በደስታ ተቀበሉ። ሐሳብ በስፋት መንሸራሸሩ የዴሞክራሲ ባህላችንን እንደሚያሳይ፣ ውስን የአመለካከት ክፍተቶች መታየታቸውን፣ እነሱም በሰብሳቢው ገለጻ የጠሩ መሆናቸውን፣ በመጨረሻም በሆቴሉ ላይ የጋራ መግባባት መደረሱን አብሥረው ስብሰባውን ዘጉ። እኔ ብዙ ምርጫ ታዝቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ግን አላየሁም።

በማግስቱ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ወደ አቶ አስፋው ገቡ። እኔም ፊርማ የሚፈልግ ወረቀት ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ዛንዚባር?» አሉ አቶ አስፋው። ግንባራቸው ተቋጠረ። «ማን ልኮዎት?»

«ባለቤቴ ተሸልማ ነው።»

«በየትኛው መድረክ?»

«በመድረክ አይደለም። ማር ሸጣ ነው።»

አቶ አስፋው ማር ሸጦ መሸለም የሚባለው ነገር ምን ዓይነት አመለካከት እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ዓይናቸው የሆቴሉ ወረቀት ላይ አረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አዳራሹ ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፣ እንደ አባት እየኮሩ። «ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። ማይክሮፎኑ ገመድ የለውም። ሻይ እዚያው ውስጥ ድረስ ይመጣል፤ ተሰብሳቢው መውጣት አያስፈልገውም።»

አቶ አስፋው መነጽራቸውን አወለቁ። ወሩ ሰኔ ነበር። አንድ አጋር ድርጅት ለቅመማ ቅመም ልማት የሰጠን በጀት ነበረን፤ ሰኔ ሳያልቅ ካልተጠቀምንበት ተመላሽ ይሆናል። መንግሥት የሰጠውን ገንዘብ አለመጠቀም ጥፋት ነው፣ አጋር የሰጠውን አለመጠቀም ግን ውርደት ነው።

«እዚያ ደሴት ላይ ምን ይበቅላል?» አሉ።

«ቅርንፉድ ይበቅላል ይላል።»

«እኛ ጋ ደግሞ ኮረሪማ ይበቅላል።»

«በሚገባ ይበቅላል።»

አቶ አስፋው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ከዚያ ፈቃዱን ፈረሙ። «መልካም ዕረፍት» አሉ። ወረቀቷን ግን አልመለሱም። «ይህቺ እኔ ጋ ትቆይ።»

ሳምንት ሳይሞላ የልምድ ልውውጥ ልዑክ ተዋቀረ። ከእኛ መሥሪያ ቤትና በዞናችን ካሉት ከዋጫና ከቢታ ገነት ጽሕፈት ቤቶች የተውጣጡ ናቸው። እኔ አልተካተትሁም። እናቴ በጓሮዋ ኮረሪማ ስለምታበቅል «አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ልምድ አያስፈልግህም» ተብዬ ተመሰገንኩ። ነገሩ ለአቶ ሀብተሥላሴ አልተነገራቸውም፤ ፈቃድ ላይ ላለ ሰው የሥራ ነገር መንገር ዕረፍቱን ማወክ ነውና።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ያገኘሁት ከእትዬ ዙፋንና ከቃለ ጉባኤው ነው። ሁለቱ በምንም ነገር አይስማሙም፤ ቀኑ ላይ ብቻ ይስማማሉ።

ቤተሰቡ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ሆቴሉ ሲገባ፣ ከአዳራሹ በር በላይ ቢጫ ባነር ተሰቅሎ አዩ። «የቅመማ ቅመም ልማት የልምድ ልውውጥ መድረክ» ይላል፣ በአማርኛ። በደሴቱ ላይ ካሉት ሰዎች ሊያነቡት የሚችሉት የሰቀሉት ብቻ ነበሩ። እትዬ ዙፋን እንደሚሉት፣ ባላቸው ባነሩን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የታየው ድንጋጤ አልነበረም። በባዕድ አገር ዘመዱን ድንገት ያገኘ ሰው ደስታ ነበር። ሴትየዋ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባቸው፤ ሻንጣቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

አቶ አስፋው ከአዳራሹ ብቅ አሉ። አንገታቸው ላይ ስማቸውን የያዘ ካርድ ተንጠልጥሏል።

«እንኳን ደህና መጡ» አሉ። «በጥሩ ሰዓት ነው የደረሱት። ጸሐፊ አልያዝንም።»

«እኔ እኮ ፈቃድ ላይ ነኝ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«ፈቃዱን ማን ነው የፈረመልዎት?»

«እርስዎ።»

«እንግዲህ።»

ይህ «እንግዲህ» በመሥሪያ ቤታችን ከአዋጅ ይበልጣል። አቶ አስፋው አክለውም፣ አቶ ሀብተሥላሴ በሌላ ወጪ ስለመጡ አበል እንደማይታሰብላቸው፣ ይህም በቁጠባ ረገድ በምርጥ ተሞክሮነት እንደሚቀመር ገለጹላቸው።

«ሀብቴ፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው» አሉ እትዬ ዙፋን።

«መክፈቻው ላይ ብቻ ልገኝ። ካየሁ በኋላ ትቼ መሄድ ነውር ነው።»

መክፈቻው እስከ ማታ ዘለቀ።

በሚቀጥሉት ቀናት የተካሄደው የልምድ ልውውጥ እጅግ ፍሬያማ ነበር። ዋጫ ለቢታ ገነት ልምዱን አካፈለ፤ ቢታ ገነትም ለዋጫ አካፈለ። ሁለቱ ከቤታቸው በአንድ አውቶቡስ የሚደራረሱ ቢሆኑም፣ እርስ በርስ ለመተዋወቅ ባሕር መሻገር ነበረባቸው። አንድ የደሴቱ ቅርንፉድ ገበሬ ተጋብዞ መጥቶ ነበር። በክብር ከፊት ተቀመጠ፤ የመክፈቻው ንግግር እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ሁለተኛው የመክፈቻ ንግግር ሲጀመር ቆቡን አነሣና ወደ ቅርንፉዱ ሄደ። ቃለ ጉባኤው «ከአካባቢው አርሶ አደሮች ጋር ገንቢ ግንኙነት ተፈጥሯል» ይላል። የጻፉት አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል።

እትዬ ዙፋንና ልጆቹ ግን ወጣቶችና ሴቶች ክትትል ሲያጡ ወዴት እንደሚንሸራተቱ በተግባር አሳዩ። አስፋልቱን ተሻግረው ባሕር ገቡ። እትዬ ዙፋን መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው፣ ቀጥለው እስከ ጉልበታቸው፣ በመጨረሻ ከነቀሚሳቸው ገቡ። ይዲድያ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጥቶ ሦስተኛው ላይ መንሳፈፍ ቻለ። ኑኃሚን ጠዋት ማንም ሳይነሣ ወርዳ አሸዋው ላይ ትቀመጥ ነበር። የሚበሉት ከጎጆዎቹ በረንዳ ላይ ነው፤ መርጠው ያላገኟቸው ጎጆዎች ባለቤት ሴትዮ አይተዋቸው አዝነው ገበታውን ፈቅደውላቸዋል። እትዬ ዙፋን በየቀኑ አራት ሳህን ይዘረጋሉ። አራተኛው ሳይነካ ይነሣል።

አንድ ቀን በሻይ ዕረፍት ሰዓት ኑኃሚን አዳራሹ በር ላይ መጥታ ቆመች። ፀጉሯ ረጥቧል፣ እግሯ ላይ አሸዋ አለ።

«አባዬ፣ አሁን ዕረፍት አይደል? ና፣ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው።»

አቶ ሀብተሥላሴ ብስኩታቸውን አስቀምጠው ተነሡ። እውነት ነው፣ ተነሡ። የሆቴሉ በር ድረስ አብረዋት ወጡ። ከግንቡ ወዲያ የማዕበሉ ድምፅ ይሰማል። በዚህ መሐል አቶ አስፋው ከውስጥ «ወደ ቡድን ውይይት እንግባ» አሉ፣ ገመድ በሌለው ማይክሮፎን። ገመድ ስለሌለው በር ድረስ ይዘውት ወጥተዋል።

«ነገ» አሉ ልጃቸውን።

«እሺ» አለች ኑኃሚን። እትዬ ዙፋን ይህን ሲነግሩን፣ ልጅቷ ብትቆጣ ይሻል ነበር አሉ።

የመጨረሻው ቀን ማታ ቤተሰቡ አሸዋው ላይ አራት ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አብረው ሊያዩ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ግምገማ ተጀመረ። አቶ ሀብተሥላሴ በጥንካሬ የታየላቸው ብዙ ነው፤ ሰዓት አክባሪነት፣ ጥራት ያለው ቃለ ጉባኤ፣ ያለ አበል መሥራት። በድክመት የታየባቸው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በውይይት ወቅት በመስኮት በኩል ወደ ባሕር የመመልከት ዝንባሌ ነው። የዋጫው ተወካይ ነው ያነሣባቸው። ከመስኮቱ የሚታየው የግንቡ ጫፍና ከሱ በላይ ያለች የመቀነት ያህል ሰማያዊ መስመር ነበረች። አቶ ሀብተሥላሴ ሂሱን ተቀበሉ፣ ዝንባሌውን ለማረም ቃል ገቡ፣ ወንበራቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፀሐይዋ በዚያው ሰዓት ጠለቀች። አሸዋው ላይ አንዱ ወንበር ባዶ ነበር።

ተመለስን፤ ማለቴ ተመለሱ። በሐምሌ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሁሉ ልዑካኑ ባሉበት ተሰብስቦ የጉዞው ሪፖርት ቀረበለት። አቅራቢው አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው። የባሕር ዳርቻ አካባቢዎች ለልማት ስላላቸው ፋይዳ በስላይድ አስደግፈው ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ጭብጨባው ሲያበቃ ለጥያቄ ዕድል ተሰጠ። ከፋይናንስ ክፍል አባተ እጁን አወጣ። አባተ ስብሰባ ላይ ዝም የሚል ሰው ነው።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «የባሕር ውሃ ጨው ነው የሚባለው እውነት ነው? ወይስ እንዲያው ለወሬ ነው?»

አቶ ሀብተሥላሴ አቶ አስፋውን አዩ። አቶ አስፋው ወረቀታቸውን አዩ። የዋጫው ተወካይ ጫማቸውን አዩ። ከልዑካኑ አንድ እንኳ አስፋልቱን የተሻገረ አልነበረም።

«ጥያቄው ተገቢ ነው» አሉ በመጨረሻ አቶ ሀብተሥላሴ። «ተይዟል። ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ተነጋግረን ምላሽ እንሰጥበታለን።»

የሚመለከታቸው አካላት ቤታቸው እራት ላይ ነበሩ። አቶ ሀብተሥላሴ ኮታቸውን ሳያወልቁ ገበታው አጠገብ ቆሙ።

«ባሕሩ» አሉ፣ «ጨው ነው እንዴ?»

ይዲድያ ሳቀ። እትዬ ዙፋን ግን ሊስቁ ብለው ተዉት። ኑኃሚን ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ እጇ ላይ አንዲት ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ነበረች፣ ከታች ጥቂት አሸዋ የዘቀጠባት።

«ላንተ ነው ያመጣሁት» አለች። «ስትጨርስ እሰጥሃለሁ ብዬ ነበር። አልጨረስክም።»

በስኒ ቀንሳ ሰጠቻቸው። አቶ ሀብተሥላሴ ቀመሱ። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከጨውነቱ ይሁን ከሌላ እትዬ ዙፋን አልጠየቁም፤ እኔም አልጠይቅም።

«ጨው ነው» አሉ።

«ነገርኩህ እኮ» አለ ይዲድያ፣ ምንም ሳይነግራቸው።

ያን ማታ አቶ ሀብተሥላሴ ኮታቸውን አወለቁና ተቀመጡ። አጀንዳ አላስያዙም። ይዲድያ እንዴት እንደተንሳፈፈ ወለሉ ላይ ተኝቶ አሳያቸው። ኑኃሚን ጠዋት ጠዋት የባሕሩ ቀለም እንዴት እንደሚለዋወጥ ነገረቻቸው፤ አላቋረጧትም። እትዬ ዙፋን አራተኛውን ሳህን ሲያነሡ ባዶ ነበር። በማግስቱ በአጥሩ ላይ ለባለቤቴ ሲነግሯት፣ ደሴቱ ገና አሁን ደረሰልኝ አሉ። እኔም ከወዲህ ሆኜ ስሰማ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ይህን ስንባባል አቶ ሀብተሥላሴ ጠርሙሷን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ቢሮ እየሄዱ ነበር። የተያዘ ጥያቄ ነበረባቸዋ።

ምላሹ በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ቀረበ። አቶ አስፋው ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ፤ የሻይ ማንኪያ አስመጡ። ኃላፊዎች በየተራ ቀመሱ። «በተደረገው ማጣራት የባሕር ውሃ ጨው መሆኑ በተጨባጭ ተረጋግጧል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ጉዞው በመጨረሻ የሚጨበጥ ውጤት አስገኘ ተባለ። ጠርሙሷም የልዑኩ ስኬት ማስረጃ በመሆኗ በመሥሪያ ቤቱ ንብረትነት ተመዝግባ፣ መለያ ቁጥር ተለጥፎባት፣ ግምጃ ቤት እንድትቀመጥ አቅጣጫ ተሰጠ።

«እሷ እኮ የልጄ ናት» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ውሃው ከየት ነው የተቀዳው?»

«ልምድ ከተለዋወጥንበት።»

«እንግዲህ።»

መስከረም ላይ ኑኃሚን ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ቆመች። የደረሳት ሩቅ ነው፤ ሰሜን። አባቷ እዚያ ነበሩ፤ ይህንንስ አልነሣቸውም።

«ጠርሙሷስ?» አለቻቸው አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ። «ሳልኖር እያየህ ታስበኛለህ ብዬ ነበር።»

«ከቤት ይልቅ አስተማማኝ ቦታ ነው ያለችው» አሉ። «በመንግሥት እጅ ነች።»

ልጅቷ ስቃ ጉንጫቸውን ሳመች። አውቶቡሱ በጅማ መንገድ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ እጃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቤታቸው ሦስት ሳህን ነው የሚዘረጋው፣ እሳቸው ስብሰባ ሲኖራቸው ሁለት።

ባለፈው ሳምንት አቶ ሀብተሥላሴ ቢሮዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጅቷ ናፍቃቸው ነበር፤ ያለ ምንም ወግ እንዲሁ «ናፈቀችኝ» አሉኝ። ጠርሙሷን ለአፍታ ማየት ይቻል እንደሆን ማመልከቻ ጽፈው፣ አስፈቅደው፣ አብረን ወደ ግምጃ ቤቱ ወረድን። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው በንብረት ክፍል ኃላፊዋ በወይዘሮ ታንጉት እጅ ነው። ጠብቀን ጠብቀን ስንሰለች ጥበቃውን ጠየቅነው።

ወይዘሮ ታንጉት ስብሰባ ላይ ነበሩ።